የሚያውቁት ሽቦ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል ያገሬ ሰው። በዚህ ተረት ስንቱ ሹም ወንበሩን፣ ስንቱ ባለትዳር ጎጆውን እንዳሰነበተ ቤት ይቁጠረው። በበኩሌ ከተረቱ ጋር የከፋ ጠብ የለኝም። የሚያውቁት ሰይጣን በየት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል፤ መቼ እንደሚከፋ፣ በምን እንደሚበርድ ይገመታል፤ ሰውም እየተጠነቀቀ አብሮት ይኖራል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የተረቱ ክብደት ሁሉ ያረፈው «እየተጠነቀቀ» በምትለው፣ ተረቱ ውስጥ በሌለች ቃል ላይ ነው። ያወቀ ሁሉ ይጠነቀቃል ብለን አስቀድመን የወሰንነው እኛ ነን እንጂ ተረቱ ይህን ዋስትና አልሰጠንም።

ይህን ዋስትና ክፉኛ የሚያናጋ አንድ ሥራ አለ። ከሰብሉ ጫፍ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ እየበረሩ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት መርጨት ነው፤ በትንሽ አውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር። የዚህ ሥራ ሰዎች አብዝተው ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ፣ እኛ ከተሜዎች ቀና ብለን እንኳ የማናየው ተራው የመብራት ሽቦ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 በአገሪቱ የደረሱትን ከሽቦ ጋር የመጋጨት አደጋዎች ሰብስቦ መረመረ። 180 ሆነው ተገኙ። ቢያንስ 100ዎቹ ከእርሻ በረራ ጋር የተያያዙ ነበሩ። እስከዚህ ድረስ የሚያስደንቅ ነገር የለም። የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው፤ በ63 ከመቶው አብራሪው ሽቦው የት እንዳለ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ከየት መጣ የማይባል ሽቦ ነው። ሥራ ሳይጀምር ማሳውን ዞሮ ሲቃኝ አይቶታል፤ ወይም ባለማሳው ነግሮታል፤ ወይም እዚያው ሲመላለስ ደጋግሞ ተሻግሮታል። ከዚያ በኋላ ነው የገባበት።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ያስቀምጥብናል። «ያውቅ ነበር» ካልን በኋላ ብዙም ሳንቆይ «እያወቀ ገባበት» እንላለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። እያወቀ ገባበት ማለት በገባባት ቅጽበት ዕውቀቱ አብሮት ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ወይ ዕብደት ነው ወይ ራስን መግደል። ያውቅ ነበር ማለት ግን የሁለት ሰዓት በፊት ወሬ ሊሆን ይችላል። ንስሐ ስንገባም ሆነ ጎረቤት ይቅርታ ስንጠይቅ «በማወቅም ባለማወቅም ያጠፋሁትን» እንላለን። ሁለት ከረጢት ብቻ። ጥፋት ሁሉ ወይ በዚህኛው ወይ በዚያኛው መግባት አለበት። ያ አብራሪ በየትኛው ይግባ? አላወቀም እንዳንል ያውቃል። እያወቀ እንዳንል፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያ አያደርግም።

ረሳ እንበል? መርሳትም አይደለም። ከአደጋው በሕይወት የተረፈውን ሰው ሽቦው የት ነው ብትሉት በጣቱ ያሳያችኋል። ለነገሩ የሚስማማው ቃል መዘንጋት ይመስለኛል። የረሳ ሰው ዕውቀቱ ከቤት ወጥቶበታል። የዘነጋ ሰው ዕውቀቱ ቤት ውስጥ አለ፤ በር ላይ ግን አልቆመም።

ነገሩ አዲስ ሙግት አይደለም። ሶቅራጥስ እያወቀ የሚያጠፋ ሰው የለም፣ ጥፋት ሁሉ ካለማወቅ ነው ይል ነበር። አርስቶትል ይህን አልተቀበለም። ዕውቀት ያለው ሰው ሁሉ በዕውቀቱ ላይ አይደለም፤ የተኛ ሰው፣ ያበደ ሰው፣ የሰከረ ሰው ዕውቀቱን አልተነጠቀም፣ ግን አይሠራበትም ሲል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል ላይ ጽፏል። ጥሩ መልስ ነው፤ ለእኛ አብራሪ ግን አይበቃውም። ይህ ሰው አልተኛም። አልሰከረም። እንዲያውም በዚያች ሰዓት እሱን የሚያህል የነቃ ሰው በአገሩ አይገኝም። ነፋሱ መድኃኒቱን ወደ ጎረቤት ቀፎ እንዳይወስድበት ይጠብቃል፤ የመርጫው አፎች መደፈን አለመደፈናቸውን ያያል፤ ያለፈው መስመር የት ላይ እንዳበቃ ይለካል፤ በታንኩ የቀረውን መድኃኒትና በሞተሩ የቀረውን ነዳጅ ያሰላል፤ ከማሳው ጫፍ ሲደርስ የሚዞርበትን ቦታ ይመርጣል። ሽቦውን ያስተኛበት ይህ ሁሉ ንቃት ነው። «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ተረታችን የሚናገረው ስለሌላ ሰው ነው፤ ስለ ልግመኛው። የትጉሁ ሰው ዕንቅልፍ ግን ተረት አልወጣለትም።

የሽቦውን ተንኮል እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባኛል። ሰው ሽቦ አያይም፤ የሚያየው ምሰሶ ነው። አየሁ የሚለው ሽቦ በአብዛኛው ከሁለት ምሰሶዎች መካከል አእምሮው የሳለው መስመር ነው። ሽቦው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይደበዝዝና ከበስተኋላው ካለው መሬት ወይም ሰማይ ጋር አንድ ይሆናል። ጠዋት ከምሥራቅ ሲበሩ ፀሐይዋ ከኋላ ሆና ያበራው ሽቦ፣ ሲመለሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትሆን ከዓይን ይጠፋል። ቀኑ ሲሞቅ ይረግባል፤ ሲበርድ ይወጠራል። በከፍተኛ መስመሮች ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ከምሰሶው አናት ላይ፣ ከሌሎቹ የቀጠነ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ አለ። አብራሪው ወፋፍራሞቹን አይቶ በላያቸው ለመሻገር ሲወጣ የሚቀበለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አብራሪዎች መስመር ሲሻገሩ ምሰሶው ባለበት አናት ላይ እንዲሻገሩ የሚመከሩት፤ ምሰሶ ቢያንስ ቁመቱን አይዋሽም። ሲኒዎቹ የዞሩበትን አቅጣጫ አይቶ ከምሰሶው ወደ ጎን የምትወጣ ቅጥያ ሽቦ መኖር አለመኖሯን መገመትም ይቻላል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ጊዜ ላለው ሰው ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ሄሊኮፕተር በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ሽቦውን በ50 ሜትር ርቀት ያየ ሰው፣ አይቶ፣ አምኖ፣ እጁን አዞ፣ መኪናዪቱም ታዝዛ ለመውጣት ሁለት ሴኮንድ እንኳ አልተሰጠውም።

በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዊኒፔግ ካናዳ ያለው ብሪስቶል ኤሮስፔስ ለሄሊኮፕተር የሚገጠም የሽቦ መቁረጫ ሠርቶ ነበር፤ ከፊት ጣሪያና ከሆድ በኩል የሚወጣ ስለት ነው፤ ዛሬም ድረስ ብዙ ነፍስ ያድናል። ግን ሽቦው ከፊት ለፊት፣ በሁለቱ ስለቶች መካከል ካልመጣለት ምንም አያደርግም። ጅራቷን ለያዘ ሽቦ ስለት የለውም።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ ካት የተባለውን የመርጫ አውሮፕላን በፈቃድ አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ «እሸት» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። (ስም አወጣጡ ዛሬም ደስ ይለኛል።) በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ላይ ከሰማይ መርጨት ለዘመኑ ሰው እንግዳ አልነበረም። የአንበጣው ታሪክማ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተመሠረተው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣው ተመልሶ ሲመጣ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በኢትዮጵያ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነው ያለው፣ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች እንደገና ዝቅ ብለው በረሩ። አንበጣ ሌሊቱን አርፎ የሚያድር፣ ፀሐይ ሲሞቀው የሚነሣ ፍጥረት ስለሆነ እሱን ለማግኘት መልካሙ ሰዓት ማለዳ ነው። ማለዳ ማለት ደግሞ ፀሐይዋ ከአድማስ ጥግ ሆና ዓይን የምትወጋበት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ መብራት ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሰፊው ተዘርግቷል። አባቶቻችን አንበጣ ያባረሩበት ሰማይ ሽቦ አልነበረበትም፤ የዛሬው አለበት። ደግ ነገር ሁለት ሆኖ ሲመጣ እርስ በርስ እንደሚጠላለፍ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ነገሩን አብዝቼ ያሰብኩት ግን አንበጣ ባለበት አገር ሳይሆን ፎገራ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ጉማራን ከተሻገራችሁ በኋላ ያለውን ሜዳ ታውቁት ይሆናል። በስተግራ እስከ ጣና ድረስ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። ወረታ ስትደርሱ አንዱ መንገድ በስተቀኝ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ ይገነጠላል፤ ሌላው ርብን ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲያስጀምሩ፣ ክረምት የሚተኛበት ያ መሬት እንዲህ ያለ ሀብት ይወጣዋል ያለ ሰው ብዙ አልነበረም። ዛሬ ወረታ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት።

ፎገራ ላይ መድኃኒት ከሰማይ ሲረጭ አላየሁም። ያየሁት ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ ሲረጭ ነው። ታዲያ ለምን እዚያ ወሰድኸን ትሉኝ ይሆናል። ሜዳው ስለ ሽቦ አንድ ነገር ስለሚያስተምር ነው። ተራራ ባለበት አገር የሚበር ሰው ተራራው ራሱ ያስፈራዋል፤ ዓይኑም ልቡም ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ገበታ የመሰለ መሬት ግን «እዚህ ምን ይነካኛል?» ያሰኛል። ሜዳ ላይ ያለ ብቸኛ ተራራ ሽቦ ነው፤ እሱም አይታይም። ከዚህ በላይ የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ቀኑም ሲሞቅ ይብሱን ስለሚሳሳ፣ ታንኳን የሞላች ሄሊኮፕተር ድንገት ሽቅብ ውጪ ብትባል በቆላው ባሕር ዳርቻ እንደምትወጣው አትወጣም። ዓይን ሜዳ ነው ያለውን ክንፍ ተራራ ነው ይለዋል።

እዚያው ማሳው መሐል የመብራት ምሰሶ የቆመበት አንድ ሽማግሌ ገበሬ አነጋግሬ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ጓያ የተዘራበት ወቅት ነው።

«አባቴ፣ ሲያርሱ ይህ ምሰሶ አያስቸግርዎትም?»

«የቱ ምሰሶ?» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ሳቁ። «ማየቱን እኮ ትቸዋለሁ፣ ልጄ። በሬዎቹ ናቸው የሚዞሩት።»

«እንግዳ ሰው መጥቶ ቢያርስልዎትስ?»

«እንግዳማ ይጋጭበታል። እኔም አልነግረው። ትዝ አይለኝማ።»

ይህን መልስ ከብዙ መጻሕፍት አስበልጬ ይዤዋለሁ። ስለዚያ ምሰሶ ከእኒህ ሰው የበለጠ የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም። ዕውቀታቸው ግን ከራሳቸው ወርዶ ወደ በሬዎቹ እግር ገብቷል፤ ደኅና ቦታ ነው የተቀመጠው። ለእንግዳ ሊሰጥ የሚችል ዕውቀት ግን አልሆነም። አብራሪው ወደ አንድ ማሳ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ባለማሳውን መጠየቅ ነው፤ ሽቦ አለ ወይ፣ በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል። ባለማሳው ከልቡ ያስባል፤ አንዷን መስመር ይናገራል። ከጎተራው ወደ ውኃ መሳቢያው ሞተር የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ፣ በየቀኑ በሥሯ የሚያልፍባትን፣ አይናገራትም። ደብቆ አይደለም፤ ለእሱ የለችም። አብራሪው ደግሞ በሬ የለውም። የአንድ ጠዋት ዕውቀቱን በራሱ ላይ ብቻ ተሸክሞ መሥራት አለበት።

እንስሳቱ እንኳ ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙ ክሬኖች አሉ። (የግንባታውን ማንሻ ሳይሆን ስሙን ያወረሰውን ወፍ ማለቴ ነው።) ከአጨዳ በኋላ ፎገራ ሜዳ ላይ ወርደው ሲቃርሙ ይውላሉ፤ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የአገሩ ልጅ ነው። በዓለም ዙሪያ ትላልቅ ወፎች በመብራት ሽቦ እየተመቱ ይሞታሉ፤ ሰዎችም ዓይናቸው የሰላ ወፎች እንዴት ሽቦ ያመልጣቸዋል እያሉ ሲጨነቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግራሃም ማርቲንና ጄሲካ ሾው የተባሉ ተመራማሪዎች መልሱን ከዓይናቸው አቀማመጥ አገኙት። አንዳንዶቹ ወፎች ሲበሩ ምግብ ወይም ማረፊያ ፍለጋ ራሳቸውን ወደ ታች ሲያዘነብሉ፣ ለደቡብ አፍሪካው ሰማያዊ ክሬን 35 ዲግሪ ይበቃዋል፣ የሚሄዱበትን አቅጣጫ ጨርሰው አያዩም። ወደ ፊት ይበራሉ፤ ወደ ፊት ግን ዕውር ናቸው። ይህ ካለ ዕውቀት የመጣ ጥፋት ነው? ወፏ የምትኖርበትን ሥራ እየሠራች ነበር። መሬቱን ማየት የግድ የሆነበት ፍጥረት ሁሉ ሰማዩን በዚያው መጠን ያጣል። አብራሪውም ደመወዝ የሚከፈለው ሰብሉን እንዲያይ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ለሁለት ይከፍለዋል። ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ ነገሩን አቃሎ ያደረገው አንዱ ነው፤ ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያስብ ያደረገው ሌላው ነው። ሕጉ ብልህ ነው፤ ግን እሱም ቢሆን መያዣው ዕውቀት ነው። በእኔ አስተያየት አብራሪውን በገባባት ሴኮንድ መክሰስ ከንቱ ነው፤ እዚያች ሴኮንድ ውስጥ የሚወስን ሰው የለም። ልንጠይቀው የሚገባን ከዚያ በፊት ስለነበሩት፣ መምረጥ ይችልባቸው ስለነበሩት ሰዓቶች ነው። ማሳውን በእግሩ ወይም በአየር ዞሮ አይቷል? ብዙ አደጋ የሚደርሰው ዋናው ርጭት አልቆ ጥጋጥጉን ለማዳረስ አቅጣጫ ሲቀየር ነው፤ ቅድም ከሽቦው ጎን ለጎን ሲበር የዋለ ሰው አሁን ሽቦውን ያቋርጣል። አቅጣጫውን ከመቀየሩ በፊት ቆም ብሎ ሽቦውን እንደገና አይቶታል? ወይስ ሳይመሽ ልጨርስ ብሎ ዝም ብሎ ገባ? እዚህ ላይ ገንዘብ ይመጣል። በብዙ አገር የዚህ ሥራ ሰው የሚከፈለው በረጨው ሄክታር ልክ ነው። ቆም ብሎ ሽቦ ማየት ሄክታር አይሆንም። እንዲህ ያለውን ውል የጻፈ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ የመዘንጋትን ዋጋ ተምኖለታል፤ ለዚያ ሰው ግን «ያውቅ ነበር» የሚለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ፓርክስ አጠገብ፣ አረም ለመቃኘት ዝቅ ብላ የምትበር ሄሊኮፕተር የመብራት ሽቦ መታች። አብራሪውና የወረዳው ምክር ቤት ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ምክር ቤቱና የሄሊኮፕተሩ ድርጅት እየተካሰሱ ነገሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የደረሰው በ2019 ነው። በዚያን ጊዜ ክርክሩ ከሽቦው ርቆ፣ የሟች ቤተሰብ ለደረሰበት የመንፈስ ጉዳት አጓጓዡን በየትኛው ሕግ፣ በስንት ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላል ወደሚል ተሻግሮ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት። ዳኞችን ልወቅስ አይደለም፤ ሕግ የራሱ መንገድ አለው። ግን አንድ ሽቦ ለመታየት የሚፈጅበትን ሁለት ሴኮንድና ጥፋቱን ለማከፋፈል የፈጀውን አሥራ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው፣ ዕዳው ወደየት ማዘንበል እንዳለበት ይታየዋል ብዬ አምናለሁ። ዕዳው ጊዜ ወዳለው ሰው ማዘንበል አለበት። ሽቦ የሚዘረጋው ክፍል ለማሰብ ወራት አሉት፤ ባለማሳው ዓመታት አሉት፤ አሠሪው ቢያንስ አንድ ማታ አለው።

«ሽቦው ሁሉ ላይ ቀይ ኳስ ይንጠልጠል ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። መብራት ያላገኘ ቀበሌ ባለበት አገር የምሰሶ ገንዘብ ለኳስ አይውልም፤ ይህን የማይገነዘብ ሞራል የሀብታም ሞራል ነው። ይሁንና የደንቡን አሠራር እዩት። በአሜሪካ ለምሳሌ የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ምልክት እንዲደረግበት የሚጠይቀው በአብዛኛው ከመሬት 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ያህል፣ ለሚበልጥ ነገር ነው። ማሳ የሚያቋርጠው ተራ መስመር ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ደንቡ አይነካውም። ከደንቡ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ «እዚያ ዝቅታ ላይ ማንም አይበርም» የሚል ነው። ሥራው እዚያ የሆነ ሰው ግን አለ። ለእሱ ሲባል ሽቦውን ሁሉ ማልበስ ባይቻል፣ ማሳ መሐል ገብተው በሚገነጠሉት ቅጥያዎች ምሰሶ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀለም መቀባት፣ የመስመሮቹን ካርታ ለሚጠይቅ አብራሪ ሳያንከራትቱ መስጠት ምን ያህል ያስከፍላል?

እዚያው ፎገራ ላይ ያየሁትን ልጨምር። ሩዙ ሲያፈራ ወፍ ጠባቂ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። አንዳንዱ ማሳ ላይ የአሮጌ ካሴት ክር ተወጥሮ ነፋስ ሲመታው ያብለጨልጫል፤ ያፏጫል፤ ወፎቹ ይሸሹታል። አንድ ሌላ ገበሬ ደግሞ ሲባጎ ዘርግቶ ጣሳ አንጠልጥሎበታል፤ ልጁ ከማማው ላይ ሲስበው ይንኳኳል። ሲባጎው የእግር መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ሦስት ነጫጭ ጨርቆች ታስረዋል። ለወፉ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ለሰው ነው» አለኝ። «ሰው ያልፋል እኮ። ማታ ነው የሚያልፍ።»

እንዲህ ያድርግ ብሎ ያዘዘው ደንብ የለም። በአየር ላይ የሚዘረጋ ነገር ሁሉ ሁለት ዓይነት አላፊ እንዳለው፣ አንዱ የሚፈለግ አንዱ የማይፈለግ፣ አስቦበታል ማለት ነው። የመብራት ሽቦ ዘርጊዎችም ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የሚያልፍ ሰው መኖሩ አልታያቸውም።

ሰው የሌለበት መርጫ ይመጣልና ይህ ሁሉ ጭንቀት ያበቃል የሚሉም አሉ። በጃፓን የሩዝ ማሳዎች ላይ የያማሃ ሰው አልባ ሄሊኮፕተሮች ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሲረጩ ኖረዋል፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ የእስያ አገሮች በድሮን መርጨት የተለመደ ነው። ድሮን የሚለው ቃል በአማራ ገጠር ጆሮ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ለማንም የሚነገር አይደለምና በዚህ ብዙ አልገፋም። አብራሪው ከሄሊኮፕተሩ ቢወርድ አንድ አንገት ይተርፋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተበጠሰው ሽቦ ግን አሁንም መሬት ላይ ነው የሚወድቀው፤ መሬት ላይ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ባዶ እግራቸውን የቆሙ ሰዎች አሉ። ማሳው ውስጥ ያለችውን ቅጥያ ሽቦ ለማሽኑ የሚነግረውም ያው «የቱ ምሰሶ?» የሚለው ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ከአደጋ በኋላ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያውቅ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። አላወቀም ከተባሉ ሌላ ሰው ይከሳሉ፤ ያውቅ ነበር ከተባሉ ሟቹን እየከሰሱ ይኖራሉ፤ ያውም በልባቸው፣ ፍርድ ቤት በሌለበት። መዝገቡ ላይ «አብራሪው ሽቦ መኖሩን ያውቅ ነበር» ብሎ የሚጽፈው መርማሪ ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት ሌላ ሁለት መስመር እንዲጨምር እፈልጋለሁ። ያን ቀን ሽቦውን ለመጨረሻ ጊዜ ያስታወሰው ማን ነው? በስንት ሰዓት?